ናፍቆቱ ከከተማው ጋር የሚያድግ ጓደኛ

ዛሬ ትንሽ ላመስግን። ሁሌ ስንወቅስና ስንራገም አንኖርም፣ በተለይ ደግሞ ጓደኝነት ሞቷል፣ ሰው ሰውን መጠየቅ ትቷል እያላችሁ በየቀኑ ፖስት የምታደርጉ ሰዎች ይሄን ብታነቡት ደስ ይለኛል። አልሞተም ጎበዝ። በሙሉ ጤንነት አለ፣ ብቻ አንዲት ትንሽ መስፈርት አለችው፣ ጓደኛችሁ የሚኖርበት ከተማ ፎቶ ላይ ማማር አለበት፣ በቃ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ሰውየው ስሙ በማይታወቅ ከተማ ሲኖር ማንም አይናፍቀውም። ቢታመም፣ ቢመረቅ፣ ቤት ቢቀይር፣ ዝም ነው። ኢንቦክሱ ውስጥ ያለችው አምና ለልደቱ የተላከች አንዲት የኬክ ኢሞጂ ናት። ፕሮፋይሉ ላይ ፓሪስ ወይ ለንደን ወይ ቶኪዮ ብሎ በቀየረ በነጋታው ግን "አንተ ሰው ጠፋህ እኮ፣ ስትናፍቅ!" የሚል መልእክት ዱብ ይላል። ጠፋህ ብሎ የሚወቅሰው ደግሞ ራሱ የጠፋው ሰውዬ ነው፣ ይሄን ችሎታ እንደ ቀላል እንዳታዩት፣ ዓይኑን በጨው ያላጠበ ሰው አይሞክረውም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ተራ ሰው መጀመሪያ "ይመችሃል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል ከዛ ትኬት ይቆርጣል። የኛ ጀግና ግን ትኬቱን ቆርጦ ስክሪንሾቱን ነው የሚልከው፣ "ሰርፕራይዝ! አርብ ማታ እገባለሁ!" ብሎ። ጓደኛን ከመወሰን ጭንቀት ማሳረፍ ማለት ይሄ ነው፣ ሰው በዚህ ዘመን ስንት የሚወስነው ነገር አለበት። የከተማው ልጅም ይሉኝታ የሚባል ነገር ስላለበት እንደ ማሽላ እያረረ እየሳቀ "ዋው፣ በጣም ደስ ይላል!" ብሎ ይመልስና ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረውን የቅዳሜ እንቅልፍ እዛው ይሰርዘዋል። ሐሙስ ማታ ደግሞ ሁለተኛዋ መልእክት ትመጣለች፣ "አንድ ልጅ አብሮኝ አለ፣ አይደብርህም አይደል?"

ትኬቱ መቼም ርካሹ ትኬት ነው። ርካሹ ትኬት የሚያርፍበትን ኤርፖርት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ስሙ የከተማው ነው እንጂ ቦታው ሌላ አውራጃ ነው። ቦቬ የሚባለው የፓሪስ ኤርፖርት ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ የለንደኑ ስታንስቴድም ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዳችን በትኬቱ ስንት እንዳተረፈ መንገዱን ሙሉ በኩራት ያወራል፣ በእኩለ ሌሊት ሊቀበለው የሄደው ልጅ ለደርሶ መልስ ያወጣው ግን ሂሳቡ ውስጥ የለም፣ ያ የናፍቆት ወጪ ነው፣ ናፍቆት ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ቤት ሲገቡ ሌላ ውለታ ይጠብቃል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቶኪዮ ውስጥ 20 ካሬ ሜትር በማትሞላ ክፍል የሚኖር ሰው ብርቅ አይደለም፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ፍሪጅ መክፈት ይቻላል። እንግዳው ግን ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ያያል (መዞሩ ራሱ አንድ እርምጃ ነው)፣ ከዛ "ትንሽ ናት ግን ትመቻለች" ብሎ ያጽናናል። ከዛም በትህትና "እኔ ሶፋ ላይ እተኛለሁ፣ አታስብ" ይላል። ሶፋ የለም። ሶፋ እንደሌለ ከታወቀ በኋላ ስለ ወገቡ ህመም መናገር ይጀምራልና አልጋው ላይ ማን እንደተኛ፣ ወለል ላይ ማን እንዳደረ እናንተው ጨርሱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በፈረንጆቹ 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ልጆች ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው እንግዳ ማሳደር ጀመሩና ከዛ ሰው ቤቱን ለመንገደኛ የሚያከራይበት ኤርቢኤንቢ ተወለደ፣ ዛሬ ዓለምን ያዳረሰ ካምፓኒ ነው። ብዙ ሰው ፈጠራ ይለዋል፣ እኔ ግን የሰዎቹ ድክመት ይታየኛል፣ ገንዘብ ተቀበሉ። የኛ ሰው ይሄንኑ ሲስተም ክፍያውን አስቀርቶ፣ ከላዩ ጋይድና ታክሲ ጨምሮበት አሻሽሎታል። ሁሉንም አስቀርቷል ማለት ግን አይቻልም፣ ሪቪው መስጠቱን አልተወም፣ "ሻወሩ ግን ግፊቱ ትንሽ ደካማ ነው አይደል?"

ቅዳሜ ይነጋል። በሁለት ቀን ውስጥ መታየት ያለበት ነገር ዝርዝሩ ቀድሞ ወጥቷል፣ ቲክቶክ ላይ ሴቭ ተደርጎ ከርሟል። ፓሪስ ከሆነ ኤፍል ታወር ግድ ነው። 330 ሜትር የሚረዝም ነገር ከሩቅም ይታያል ብትሉት አይሰማም፣ የሊፍቱን ሰልፍ ሲያይ ደግሞ "በእግር እንውጣው ባክህ" ይላል፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ ነው። ለሱ የመጀመሪያው ነው፣ የከተማው ልጅ ግን ከሱ በፊት ከናፈቁት ጓደኞቹ ሁሉ ጋር በየተራ ወጥቶታል፣ ጉልበቱ ደረጃዎቹን በስም ያውቃቸዋል። ከዛ ሉቭር ሙዚየም፣ ከዛ ሞናሊዛ። ሞናሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ መስታወት ውስጥ ያለች ስዕል ናት፣ ፊቷ ያለው ሕዝብና ስልክ ደግሞ ቁጥር ስፍር የለውም። እንግዳው ተጋፍቶ ተጋፍቶ ሲደርስ ወደ ጓደኛው ዞሮ "ይቺ ናት እንዴ? ይሄ ሁሉ ሰልፍ ለዚች ነው?" ብሎ ይቆጣል፣ ልጁ የሳላት ይመስል። ልጁም "ይቅርታ" ይላል። ወላሂ ይቅርታ ይላል።

ለንደን ከሆነ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ አለ። ከፈረንጆቹ 1863 ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ባቡር ነው፣ ብዙ አይቷል፣ ጦርነትም አይቷል፣ በቦምብ ጊዜ ሰው ጣቢያው ውስጥ ተጠልሎ አድሯል። እንደኛ እንግዳ የፈተነው ግን ያለ አይመስለኝም። እዛ አገር እስካሌተር ላይ የሚቆም በቀኝ ይቆማል፣ የቸኮለ በግራ ያልፋል። የኛ ሰው ከነሻንጣው በግራ ቆሞ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ከኋላው የተደረደረው ሕዝብ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ሲለው "ትሁት ሕዝብ ነው አይደል?" ብሎ ያደንቃቸዋል፣ ልጁ ደግሞ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የማይተዋወቁ መስሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያነባል።

ሂሳብ ሲመጣ አሰራሩ ግልጽ ነው፣ "አንተ ክፈለው፣ በኋላ እንተሳሰባለን።" ይሄ በኋላ የሚባለው ቀን የትኛውም ካላንደር ላይ አልታተመም። (ሳህን የሚያጥቡ፣ ሂሳብ የሚጋሩ፣ ሲደክማችሁ አይተው ዛሬ ቤት እንዋል የሚሉ እንግዶችም አሉ፣ እነሱ ገበያ የሚያበላሹ ሰዎች ስለሆኑ እዚህ አላነሳቸውም።)

መቼም "ናፍቀኸኛል" ተብሎ ነው የተመጣውና ወሬው መቼ ነው የምትሉ አላችሁ። አለ፣ እሁድ ከሰዓት ወንዝ ዳር ሲሄዱ ልጁ እንደምንም ይጀምራል፣ "ባክህ ሰሞኑን ስራ ለቅቄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፣ ለማንም አልነገርኩም እንጂ..." እንግዳው በሙሉ ልቡ ያዳምጠዋል፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ወደሱ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዛ "አንዴ ቆይ፣ አንዴ ቆይ፣ የቆምክበት ጋ ብርሃኑ አሪፍ ነው፣ ና ውጣና እኔን አንሳኝ" ይላል። ያነሳዋል። "ቁመቴን አሳጠርከው፣ ድገመው።" ይደግመዋል። "ጎንበስ ብለህ ከታች።" ልጁ ስራ የፈታ ሰው አይደለም እንግዲህ፣ ካሜራማን ሆኗል፣ ፓወር ባንክ ተሸካሚ ሆኗል፣ ጃኬት መስቀያ ሆኗል፣ ጓደኝነት የስራ ዕድል ይፈጥራል ስላችሁ ነበር አይደል፣ ባልላችሁም አሁን አልኳችሁ።

እሁድ ማታ መለያየት ነው። አቤት እቅፉ፣ አቤት "የሚቀጥለው ባንተ ነው፣ ትመጣለህ!" የሚለው ግብዣ። ልጁ በሚቀጥለው ወር ሄዶ ቢደውል ያ ሳምንት ለሰውየው በጣም ቢዚ ሳምንት እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን ግብዣ ግብዣ ነው። አውሮፕላኑ ሳይነሳ አንዲት መልእክት ትገባለች፣ "በሰላም ቦርድ አድርጌያለሁ" መስሏችሁ እንዳይሆን፣ "ፎቶዎቹን እንደ ዶክመንት ላክልኝ፣ ኳሊቲያቸው እንዳይወርድ" ነው የምትለው። ቀጥሎ ደግሞ "ቻርጀሬ ሶኬትህ ላይ ቀርቷል፣ በፖስታ ትልክልኛለህ?"

ሰኞ ጠዋት ልጁ ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ የነጠፈውን ፍራሽ እያጠፈ ስልኩን ሲከፍት ፎቶዎቹ ተለጥፈዋል፣ አርባ ምናምን ፎቶ፣ እሱ አንዱም ላይ የለም፣ አንዷ ላይ ብቻ ክርኑ ገብታ ነበር እሷም በኤዲቲንግ ጠፍታለች። ከላይ "አንዳንዴ ለብቻ መጓዝ ነፍስን ያድሳል" የሚል ጽሁፍ አለ፣ ሦስት መቶ ሰው ላይክ አድርጎታል፣ አንዷ ከስር "እንዴት ያምራል! ማን ነው ያነሳህ?" ብላ ጠይቃለች።

"ትራይፖድ" ብሎ መልሶላታል።