ካታሊስት ምርት አያበዛም

ሰላም ልጆች፣ አንድ ነገር ላስተካክል። ካታሊስት ማለት ሪአክሽንን የሚያፈጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ነው፤ ኢኩሊብሪየም ደግሞ የወደፊቱና የኋላው ሪአክሽን ፍጥነታቸው እኩል የሚሆንበት ሁኔታ ነው። "ካታሊስት ሲጨመር ኢኩሊብሪየሙ ወደ ቀኝ (ወደ ምርቱ በኩል) ይሄዳል፣ ስለዚህ ምርቱ ይበዛል" የሚለውን ብዙዎቻችሁ እየተቀባበላችሁት ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሚያጠኑ ልጆችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሪአክሽኑ ሲፈጥን ምርቱም የሚጨምር ይመስላል። ግን ትክክል አይደለም።

ካታሊስት አክቲቬሽን ኢነርጂን (ሪአክሽኑ እንዲካሄድ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ኃይል) የሚቀንሰው ለሁለቱም አቅጣጫ ነው። ወደፊት የሚሄደውም ወደኋላ የሚመለሰውም በእኩል እጥፍ ይፈጥናሉ። ኢኩሊብሪየም ላይ ቶሎ ይደረሳል እንጂ ቦታው አይቀየርም።

ካላመናችሁኝ ወረቀት አውጡና ሞክሩት። በአንድ እርምጃ የሚካሄድ ሪአክሽን ውሰዱ። የወደፊቱ ሬት ኮንስታንት (ሪአክሽኑ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳየው ቁጥር) 6፣ የኋላው 2 ይሁን። 6 ለ2 ሲካፈል 3 ነው፤ የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ፣ ማለትም የኢኩሊብሪየሙን ቦታ የሚነግረን ቁጥር፣ እሱ ነው። አሁን ካታሊስት ገባና ሁለቱንም 100 እጥፍ አሳደጋቸው እንበል። 600 ለ200 ሲካፈል ያው 3! ይህን ቁጥር የሚቀይረው ቴምፕሬቸር ብቻ ነው።

አሞኒያ በሚመረትበት በሃበር ፕሮሰስም ካታሊስት የሆነው ብረት የሚገባው ለፍጥነት ነው። ኮንስታንቱን ሳይቀይር የአሞኒያውን ድርሻ ከፍ የሚያደርገው 200 አትሞስፌር አካባቢ የሚደርሰው ፕሬዠር ነው።

ፈተና ላይ ይሄ ስህተት ነጥብ ያስጥላል። "ምርቱን የሚጨምረው የቱ ነው?" ሲባል ካታሊስትን የመረጠ ይስታል። "ኢኩሊብሪየም ላይ ቶሎ የሚያደርሰው የቱ ነው?" ከተባለ ግን መልሱ እሱ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በጣም ስለሚመሳሰሉ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ፣ አደራ።