ዘፈን ነው መዝሙር?

ሀዋሳ ላይ ሰርግ ለመደገስ ላሰበ ሰው በሬው ይገኛል፣ አዳራሹም ቀብድ ከከፈሉ ይገኛል፣ ቬሎውም ኪራይ አለ። ቤተሰብ የሚያጣላው ሙዚቃው ነው። ኮሚቴው ገና ቁጭ ከማለቱ "ዘፈን ነው መዝሙር?" ይባላል፣ በቃ እሱ ላይ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ክርክር ነው። ግጥሙ ግን ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ሰው እንኳ!

በኦርቶዶክሱ በኩል ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለው ነገር ያለቀለት ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ ገላግሎናል፣ በተክሊል የሚያገባ ሰው ለካህናቱ ፕሌይሊስት አይልክም፣ ከበሮውም ጸናጽሉም የራሱ ሰዓት አለው፣ ሙሽራው ካባውን ደርቦ አክሊሉን ደፍቶ ዝም ብሎ መቆም ነው። ጣጣው ከግቢው በር ውጪ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል እንደወጡ የቪዲዮው መኪና ስፒከሩን ይለቀዋል፣ አጀቡ በክላክስ አደባባዩን ይዞራል፣ ከዛ ለፎቶ ወደ ሐይቁ፣ መሀል ላይ የገባች ባጃጅ ደግሞ መውጫ አጥታ ወደ ገበያ የተሳፈሩትን እናት ሰርገኛ አድርጋ አሞራ ገደል ታደርሳቸዋለች።

የፕሮቴስታንቱ ይብሳል፣ እሱ ጋ ኪቦርድ አለ። ሙሽሪት በአባቷ ክንድ ቀስ እያለች ስትገባ ኪቦርዲስቱ ያቺን "ታን ታን ታታን" ይለቃታል፣ ሰዉም ብድግ ብሎ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከመዝሙር ደብተር የወጣች ነው የሚመስለው። ዜማዋ ግን ሪቻርድ ዋግነር የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1850 መድረክ ላይ ከወጣው ሎሄንግሪን ከሚባለው ኦፔራው ናት፣ በአጭሩ የቲያትር ዘፈን ናት። ታሪኩን ደግሞ ስሙት። ኤልሳ የምትባል ልጅ አንድ ፈረሰኛ ያገባታል፣ ግን ስሜንም ዘሬንም ከየት እንደመጣሁም እንዳትጠይቂኝ ብሎ አስምሏት ነው። እኛ አገር ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ የልጁ አያት ከማን ጋር በወሰን እንደተጣሉ ሳይቀር ተጣርቶ፣ በዚህ ሁሉ ላይ "እስቲ ትንሽ እናስብበት" ይባላል። ስሙን ያልተናገረ ሰውዬ አክስቴ ቤት ቢመጣ ልጅ ቀርቶ ቡናም አይቀዳለትም።

እና ያቺ ዜማ የምትዘፈነው ሙሽሮቹን ወደ ጫጉላቸው ሲሸኟቸው ነው። ሸኚው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ኤልሳ ትጠይቀዋለች፣ ማንስ ቢሆን አይጠይቅም? ሰውዬው ስሙን ሰው ፊት ተናግሮ ጥሏት ይሄዳል፣ እሷም ወድቃ ትሞታለች። መልስ እንኳን አልተበላም!

ሲወጡ የሚመታው ሌላኛው ማርሽ ደግሞ ሜንደልሰን የሚባል የሌላ ጀርመናዊ ነው፣ በ1842 ለሼክስፒር ኮሜዲ ያዘጋጀው። የንግስት ቪክቶሪያ ልጅ በ1858 ስታገባ ተመታላትና ከዛ ወዲህ የሁሉ ሰው ሆኖ ቀረ። ተውኔቱ ውስጥ አንዲት ንግስት መድኃኒት ተደርጎባት የአህያ ጭንቅላት ካለው ሰውዬ ጋር ፍቅር ይይዛታል፣ ይሄንን ለሙሽራው የሚነግረው ሚዜ ካለ እኔ የለሁበትም።

እንግዲህ "ዘፈን እዚህ ደጅ አይገባም" የሚሉት የጉባኤ ሽማግሌ ኦፔራው በቀይ ምንጣፍ ሲገባ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ለአንዱ ኪቦርዲስት ይሄንን ሁሉ ተረኩለት። አይቶ አይቶኝ "ብሮ ግጥም የለውም እኮ፣ በጣት ብቻ ነው የምመታው" አለኝ። ምን ይባላል?

ዘፈን የተፈቀደበት አዳራሽ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዲጄው የሚያውቀው ምቱን ነው፣ ሞቅ ካለ ይለቀዋል። ዘፋኙ "ከዳሽኝ፣ ቤቴን አፈረስሽው፣ ዓይንሽን አያሳየኝ" እያለ ያለቅሳል፣ ሙሽሪት ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላኛው ጣቷን ሙሽራው ላይ እየቀሰረች አብራ ትዘፍናለች፣ እናትየው እልልታውን ያቀልጡታል፣ ካሜራማኑም በክሬን ይቀርፃል። ገና ጠዋት ነው የተፈራረሙት! ደግነቱ ዲጄው ሳያስጨርስ የሲዳማውን ምት ያስገባዋል፣ ያኔ ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ላይ ይዘላል። ከፋሲካ በኋላ ከሆነማ፣ ፆሙ ያገደው ሰርግ ሁሉ በአንዴ ስለሚፈስ፣ የጎረቤቱ አዳራሽ ሙዚቃም ግድግዳ አልፎ ይመጣል፣ ሁለት ሰርግ በአንድ ካርድ ማለት ነው።

"መዝሙር ብቻ" የተባለበት ሰርግ ላይ ደግሞ ችግሩ ግጥሙ አይደለም፣ ሰውነታችንን የት እናድርገው ነው። ማጨብጨብ ይቻላል፣ መወዛወዝም በልክ ይቻላል፣ ግን ልኩን ማንም አይነግርህም። የዘንድሮ የሰርግ መዝሙር ምቱ ከዲጄው ምት አይለይም፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ሰዎች ለስላሳቸውን ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ራሳቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ባለፈው አንድ የልጅቷ አጎት፣ ኮሚቴ ላይ "ዘፈን ከተከፈተ እኔ የለሁም" ብለው የፎከሩት፣ አራተኛው መዝሙር ላይ ቀኝ ትከሻቸው ብቻዋን ጀመረች፣ ትንሽ ቆይቶ ግራውም ተከተለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሚሪንዳ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

"ጋሼ፣ እስክስታ ነው እንዴ?" ስላቸው፣

"ኧረ በስመአብ! ይሄ ኮት ብብቱ ጋ ጠቦኝ ነው" አሉኝ።