«ሽንኩርት፦ በቂ መጠን»

ከመጽሐፍ መደብሩ መውጣቴ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለምጽፍ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

የምግብ መጽሐፎቹ አንድ ሳይቀር በላስቲክ ታሽገዋል።

«ከፍቼ ልየው?» አልኩት ልጁን።

«ከከፈሉ በኋላ ነው የሚከፈተው።»

«ውስጡን ሳላይ በምን ልምረጠው?»

«ሽፋኑ ላይ አለ እኮ። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ሁሉንም ይዟል።»

«የሽንኩርቱን መጠን በኪሎ ይናገራል ወይ ነው የምልህ።»

ሳቀ! «እትዬ፣ ዶሮ ወጥ በመጽሐፍ ነው እንዴ የሚሠራው? እናትዎ አላሳዩዎትም?» ከኋላዬ የቆሙትም አብረው ሳቁ።

እናቴን ምን አመጣት? የጉራጌ እናት ቆጮ ታሳያለች፣ የአጋሜ እናት ጥሕሎ ታሳያለች፣ የወለጋ እናት አንጮቴ ታሳያለች። ሦስቱንም የምታሳይ እናት ያለችው ሰው እጁን ያውጣ! መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለዚህ አይደለም እንዴ?

የምግብ መጽሐፍ ስትመርጡ መጀመሪያ የዶሮ ወጡን ገጽ ግለጡ። «ሽንኩርት፦ በቂ መጠን» ካለ መልሱት። ለአንድ ዶሮ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይገባል፤ ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ቀጥሎ ሰዓቱን እዩ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃውን እስኪጨርስና እስኪጠወልግ ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በርበሬው ከገባ በኋላ ደግሞ እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጉ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ሌላ ግማሽ ሰዓት ማቁላላት ነው። «ሽንኩርቱን ለ10 ደቂቃ አቁላልተው በርበሬ ይጨምሩ» የሚል መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ከገባ ወጡ አይያያዝም፤ መረቁ ለብቻው፣ ቁሌቱ ለብቻው ይቀራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን ይባላል? የሠሪዋ! «እጇ አይጣፍጥም» ተብላ ትቀራለች፤ ደራሲውን የሚጠይቀው የለም።

ስለ ብልት አወጣጥማ ተዉት። 12ቱ ብልት በሥዕል ካልታየ በጽሑፍ ብቻ ማን ይገባዋል? ባለ ቀለም ፎቶ የሚባክነው ግን በሰላጣ ላይ ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ እንጀራ ነው። አብሲት የሚለውን ቃል ፈልጉ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፣ ከሊጡ ትንሽ ተወስዶ በውሃ እየተማሰለ ይበስላል፣ ከዚያ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ተመልሶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ይህን የዘለለ መጽሐፍ ዓይን የሌለው እንጀራ ያስጋግራችኋል። ኋላ «ጤፉ ነው፣ ምጣዱ ነው» ስትሉ ትኖራላችሁ።

«የብሔር ብሔረሰቦች ምግብ» የሚባለው ነገር ደግሞ! ሦስት አራተኛው የአዲስ አበባ ወጥ ነው፤ የቀረው አገር በሙሉ መጨረሻ ላይ በጥቂት ገጽ ታጭቋል። ቆጮ ሁለት መስመር፦ «ቆጮውን ጋግረው ያቅርቡ።» እንዴት ነው የሚጋገረው? በጨርቅ ተጠቅልሎ ውሃው መጨመቅ አለበት፣ ቃጫው በቢላ ደቆ መከተፍ አለበት፣ ታሽቶ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይገባል። ውሃው ካልወጣ መሐሉ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ክትፎም ያው ነው። ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ በቢላ ነው የሚከተፈው፤ ማሽን ሥጋውን አሙቆ ያላቁጠዋል። ቅቤው ቀልጦ ለብ ያለ ይሁን፤ ከተንጨረጨረ ሥጋው ይገረጣል። ኮረሪማ በሌለበት ሄል ጨምሩ የሚሉም አሉ። የተለያየ ተክል፣ የተለያየ ሽታ ነው!

ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገለበጠውን የምትለዩበት ምልክት ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ አገር አንድ ሰዓት የሚበቃው ሽምብራ እዚህ በዚያ ሰዓት አይበስልም። ኬኩም የመጽሐፉን ቤኪንግ ፓውደር በሙሉ ካገኘ ያብጥና መሐሉ ይሰምጣል፤ መቀነስ አለበት። ይህን የሚነግር የአማርኛ መጽሐፍ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ያያችሁ ካላችሁ በናታችሁ ጻፉልኝ።

ጠጁ ላይ ስንመጣ ደከመኝ። «አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ።» በምን ተለክቶ? አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ ከበጠበጣችሁ፣ በጣሳ ሲለካ ከአንድ ለአራት በላይ ቀጥኗል ማለት ነው። ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ከሆነ ደግሞ የባሰ ይቀጥናል። የቀጠነ ጠጅ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ማር የበዛበት እርሾው ይከብደውና ጣፋጭ ብርዝ እንደሆነ ይቆያል። መለኪያውን በሊትር ነው በኪሎ የማይል፣ ጌሾው እንጨት ነው ቅጠል የማይል፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የማይናገር መጽሐፍ ምን ይሠራል? «በደንብ አጥብቀው ይክደኑ» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ መተንፈሻ ያጣ ጠርሙስ ይፈነዳል።

የወይን ጠጅ መጽሐፍማ ጭራሽ ለእኛ አልተጻፈም። «ቀዩ በክፍል ሙቀት ይጠጣ» ይላል፤ ክፍሉ የአውሮፓ የድንጋይ ቤት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። ድሬዳዋ ላይ በክፍል ሙቀት ጠጡትና አልኮሉ አፍንጫ ሲሰነፍጥ እዩት! ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ ብሎ መጻፍ ምን ይገዳል? ሱቅ ውስጥ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቡሹ ወደ ላይ ከተገፋ ሙቀት ነክቶታልና አትግዙ የሚል ገጽም የለም። የየትኛው ዓመት ወይን ጥሩ እንደሆነ የሚያሳይ የዘመን ሰንጠረዥ ግን ሞልቷል፤ እዚህ ሱቅ የማይደርስ የፈረንሳዩ የቦርዶ ወይን ጠርሙስ በዓመተ ምሕረት ተደርድሮ። ሽታውን ሁሉ በማናውቀው ፍሬ ከሚገልጹ አጋም፣ እንጆሪ፣ ኮሽም ቢሉን ምናለበት?

እዚሁ ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሜርሎና ሲራ የሚባሉ የወይን ዘሮች ይበቅላሉ። መጽሐፉ «ወይን በብርድ ወራት ይተኛል» ይላል፤ ተክሉ ማደጉን ያቆማል ማለቱ ነው፤ ባቱ ላይ የሚያስተኛ ብርድ የለም፣ ፍሬው የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው ቅርንጫፉን የሚገርዘው መቀስ ነው። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ የጻፈ አለ?

ከምግብ ጋር ማጣመሩስ? ስቴክና ፎርማጆ፣ ስቴክና ፎርማጆ! በርበሬ አፍ ላይ እያለ አልኮሉ የበዛ፣ አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን ከጠጣችሁ ቃጠሎው ይብሳል፤ ትንሽ ጣፈጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ አልኮሉ የቀለለ ነው የሚያበርደው። ጠጅ ከክትፎ ጋር የሚስማማው ለዚህ ነው። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ስናፍጭ ከየትኛው ወይን ጋር እንደሚሄድ፣ ለሽሮና ለጎመን ምን እንደሚቀርብ የሚል ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ አምጡልኝና ላስቲኩን ሳልቀድ እከፍላለሁ።