ቁፋሮው በ1979 አበቃ፣ መጽሐፉ በ2005 ታተመ

በእንግሊዝ ኦክስፎርድሻየር፣ ቻልግሮቭ በተባለች መንደር፣ ሃርዲንግስ ፊልድ በሚባል ሜዳ ላይ ከ1976 እስከ 1979 ትልቅ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተካሂዶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሣሩ ሥር የወጣው፣ ዙሪያውን ውሃ በሞላው ቦይ የተከበበ የመካከለኛው ዘመን የባላባት መኖሪያ ግቢ መሠረት ነው። ግቢው የባረንቲን ቤተሰብ ይዞታ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተሠርቶ በ15ኛው መጨረሻ ፈርሷል። በእንግሊዝ እንዲህ በስፋት የተቆፈሩ መሰል ግቢዎች ጥቂት ናቸው። የቁፋሮው ሙሉ ሪፖርት የታተመው ግን በ2005፣ ማለትም ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉ በመውጣቱ ደስ ይለኛል። የአዳራሹና የእልፍኙ ግንብ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ስለ ቤተሰቡ ከተጻፉ ሰነዶች ጋር ጎን ለጎን ማንበብ የተቻለው በእርሱ ነው። ለንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ያገለገለው ድሩ ባረንቲን በሰነድ ላይ ያለ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ቤተሰቡ የኖረበትን ቤት ስፋትና አሠራር እናውቃለን። ሆኖም 26 ዓመት መጠበቅ እንደ ተራ ነገር ሊታለፍ አይገባም።

ኬሚስት ሙከራውን ነገ ሊደግመው ይችላል፤ ቆፋሪ ግን አንዴ ያነሣውን የአፈር ንብርብር መልሶ ሊያነጥፈው አይችልም። ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በቦዩ ውስጥ ነው። የእንዲህ ያለ ግቢ እጅግ ሀብታም መረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቦዩ ሥር በተከማቸው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነው፤ ከማድ ቤት የተደፋው፣ ከድልድይ የወደቀው፣ አርጅቶ የተጣለው ሁሉ እዚያ ይሰጥማል። ውሃ ባልተለየው ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን ስለማይደርስ እንጨትና ቆዳ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራቸውን አይሠሩም፤ ስለዚህ የጫማ ሶል፣ ከእንጨት የተቀረጸ ሳህን፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ የአበባ ብናኝ ሳይቀር ለ700 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያ ሶል ከጭቃው ወጥቶ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ግን ወዲያው መድረቅ፣ መሸብሸብና መሰንጠቅ ይጀምራል። ባለሙያዎች እርጥበቱ ሳይለቀው ወደ ላቦራቶሪ የሚወስዱት፣ ከየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደወጣም እዚያው የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። መዝገቡ ሳይታተም ከቀረ ሶሉ አሮጌ ቆዳ ብቻ ይሆናል።

በእንግሊዝ በቦይ የተከበቡ 6,000 ያህል ስፍራዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ ነው። ቦዩ ለምን ተቆፈረ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። ጠላትን ለመከላከል ነው የሚሉ አሉ፤ የጌታውን ክብር ለማሳየት፣ ዓሣ ለማርባት ወይም ረግረጋማውን ግቢ ለማጠንፈፍ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ክብር ዋናው ምክንያት ነበር ለሚሉት አደላለሁ፤ ከቦዮቹ ብዙዎቹ የተደራጀ ጦርን የሚያቆሙ አይደሉምና። ይህን ግን በአንድ ግቢ ማስረጃ መወሰን አይቻልም። ብዙ ቁፋሮዎች ታትመው መነጻጸር አለባቸው፤ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን የተቀመጠ ማስረጃ ለማንም አይመሰክርም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። ኔቪል ቺቲክ በአክሱም ከ1972 እስከ 1974 ቆፈሩ፤ አብዮቱ ሥራቸውን አቋረጠው፤ የመጨረሻውን ሪፖርት ሳያወጡም በ1984 ዐረፉ። ስቱዋርት መንሮ ሄይ ማስታወሻዎቹን አቀናብረው ያሳተሙት በ1989 ነው። በዚያው በአክሱም ከ1993 እስከ 1997 የቆፈሩት ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን ሙሉ ሪፖርታቸውን በ2000 አወጡ።

ገልን መለየት፣ አጥንትን መመርመር፣ የእንጨትን ዕድሜ በዛፉ ዓመታዊ ቀለበት ማስላት ጊዜ ይጠይቃል የሚሉ ባለሙያዎች እውነት አላቸው። ነገር ግን የፊሊፕሰን ሥራ ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ሊጠናቀቅ እንደሚችል ያሳያል። ችግሩ ባመዛኙ የገንዘብ አመዳደብ ነው። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ግንባታ ሳይቀድማቸው በጥድፊያ ለተካሄዱ ቁፋሮዎች ለቆፋሪ የሚከፈል በጀት ሲገኝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው የጽሕፈት ሥራ ግን እምብዛም አይገኝም ነበር። በዚህ መሀል የቆፋሪዎቹ ትዝታ ይደበዝዛል፣ በከረጢቶቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይለቃል፣ ሰዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ከ1990 ወዲህ ወጪውን አልሚው እንዲሸፍን መደረጉ ብዙ አሻሽሏል።

ስለዚህ የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ሁሉ፣ በየትም አገር ይሁን፣ የመጀመሪያው አካፋ መሬት ከመንካቱ በፊት የምርመራውና የኅትመቱ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ መቀመጡን ሊያረጋግጥ ይገባል። የሪፖርቱ ቀነ ገደብም በፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ያለፈውን ሪፖርት ያላስረከበ ቡድን አዲስ ቦታ እንዲከፍት አይፈቀድለት።