ምንም የማይጎድልበት ጾም

ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ጾም «እየዘመነ» መምጣቱን ደስ እያላቸው ሲያብራሩ ሰማን። የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ የጾም ማኪያቶ አለ፤ ምእመኑ «ምንም ሳይጎድልበት» መጾም ይችላል አሉ። በሚቀጥለው ዝግጅትም የጾም ምግብ አሠራር እንደሚያሳዩን ቃል ገቡ። አዘጋጁ አመስግኖ ሸኛቸው። ምንም የማይጎድልበት ጾም ከፍስክ በምን እንደሚለይ የጠየቃቸው የለም።

እንግዳው ከሁሉ የተማመኑት በጤናው ክርክር ነው። ለ16 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት እንደሚጠቅም ፈረንጅ ዛሬ ደረሰበት፣ አባቶቻችን ግን ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ጾም የተሠራውም ለዚሁ ነው ይላሉ። ለጤና ከሆነማ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉትን 50 ቀናት ምን ሊሏቸው ነው? በእነዚያ ቀናት እኮ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይፈሰካል። 55 ቀን ቅቤ ከልክሎ 50 ቀን ሙሉ ያለ ገደብ የሚፈቅድ ሐኪም ካለ ፈቃዱ ይመርመር። በዘይት የተጠበሰው በርገርና ስኳር የጠገበው ኬክስ የማንን ደም ሥር ሊጠርጉ ነው? አባቶች ስለ ኮሌስትሮል አንዲት መስመር አልጻፉም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ በታወቀው ዕለትና በታወቀው ሰዓት ከምግብ መከልከል ነው ይላል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ ነው። ክብደት ስለ መቀነስ የተባለ ነገር የለበትም።

«በታወቀው ሰዓት» የሚለውን እንግዳው ዘለሉት። ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት 8ቱ ቅዳሜ፣ 7ቱ እሑድ ናቸው። ከቀዳም ስዑር በቀር በእነዚህ ቀናት የጥሉላት ምግብ አይበላም እንጂ እህል ውኃ እስከ ማታ አይከለከልም። ቀሪዎቹ 40 ቀናት ግን ሰዓት አላቸው፤ ቅዳሴውም ከቀትር በኋላ የሚገባው ለዚህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአኩሪ አተር ወተት የተመታ ማኪያቶ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ከላሚቱ እንጂ ከምግብ አልተከለከለም። ለታመመ፣ ለምታጠባ እናት፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ለሚውል የቀን ሠራተኛ የንስሐ አባት አለ፤ በእነሱ ላይ ቃል የለኝም። ቢሮ ተቀምጦ የሚውለው ግን ሸክሙ ምንድን ነው?

ይሁን፣ ሰዓቱንም እንተወው። የባሰው ሒሳቡ ነው።

ከጥንት ወደ ግዕዝ በተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍ ውስጥ ጾም እንዴት እንደሚጾም ደረቅ ያለ ትእዛዝ አለ። በምትጾምበት ቀን ከዳቦና ከውኃ በቀር አትቅመስ፤ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላና ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ዋጋውን አስላ! በ2ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ እርሳስና ወረቀት ይዞ ለመሥራት ምንም አያስቸግርም። አምስት ነፍስ ያለበት፣ ደህና የሚያገኝ ቤት በፍስክ ሳምንት 1 ኪሎ ሥጋ፣ 4 ሊትር ወተትና 10 እንቁላል ይገዛል እንበል። ሁዳዴ 8 ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የጎደለው ነው። ስለዚህ 8 ኪሎ ሥጋ፣ 32 ሊትር ወተት፣ 80 እንቁላል ሳይገዛ ይቀራል ማለት ነው። በየሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት። ከዚያ ላይ ለጾሙ የሚጨመረውን ምስር፣ ሽሮና ዘይት ቀንሱ፤ ዘይት መወደዱን አውቃለሁ፣ ሳትሸራርፉ ቀንሱ። የተረፈው ለ8 ተካፍሎ በየሳምንቱ ከቤት ይወጣል። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቍረስን ይጠራል፤ ተመሳሳይ ጣዕም ስላለው ቅቤ ያነሣው ነገር የለም።

ሒሳቡ የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ በእነዚያው ቦታዎች ነው። መጀመሪያ በተቀናሹ። ምስርና ሽሮ ብቻ መቀነስ ሲገባው የጾም ቅቤ ይገባል፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ይከተላል፣ በየቀኑ አቮካዶ፣ ዓርብ ማታ የጾም ፒዛ፣ ለልጆቹ ኬክ። ሲደመር ትርፉ ዜሮ ነው፤ አንዳንዱ ቤት እንዲያውም ሁዳዴን ከፍስክ በላይ አውጥቶ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ለመበለቲቱ የሚደርሳት ነገር የለም። ይህን ነው «ዘመነ» የሚሉን።

ቀጥሎ ያለው ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ቆጣቢ ይመስላል። ገንዘቡ ይተርፋል፣ ግን አይወጣም። በመሳቢያ ውስጥ ሰሙነ ሕማማትን ይጠብቅና በግ ይሆናል። 55 ቀን ጾሞ የፋሲካን በግ መግዛት ዕቁብ መጣል ነው፤ ዕጣው ሁልጊዜ ለራስ የሚወጣበት ዕቁብ! ሦስተኛው ደግሞ ስቅለት ዕለት በደጀ ሰላም ሳንቲም በትኖ መገላገል ነው። ነዳያኑ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በየሳምንቱ ይርባቸው ነበር።

በዲሲም ሆነ በሌላው የስደት ከተማ የጾም በያይነቱን «ቬጋን» ብሎ የሚሸጥ ምግብ ቤት ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ ንግድ መሆኑን አይክድም።

ጾም ሰውነትን መጉዳት ነው የሚሉትም አሉ። እነዚህ ሰዎች ገዳምን ከጭካኔ ጋር እንጂ ከሚዛን ጋር አያይዘው አያውቁም። የጥንቱ መነኩሴ ዮሐንስ ካሲያን በግብፅ አስቄጥስ ገዳም የሰማውን ጽፏል፦ የመነኩሴው የቀን ድርሻ ሁለት ትንንሽ ደረቅ ዳቦ ነበር፣ ክብደታቸው በድምሩ አንድ የሮማ ፓውንድ፣ ማለትም 330 ግራም ገደማ፣ የማይሞላ። ያስተማሩት የገዳሙ አባት አባ ሙሴ ለቀናት ተርቦ ኋላ ከመንሰፍሰፍ ይልቅ ያንኑ ልክ በየቀኑ መብላትን ይመርጣሉ፤ ያለ ልክ መጾምና ያለ ልክ መብላት መጨረሻቸው አንድ ነው ባይ ናቸው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍሎ እሑድ ሌሊት ባዶ ሆዱን በዶሮ ወጥና በጥሬ ሥጋ ላይ የሚወድቀውን ሰው አይተውት ቢሆን አይደነቁም ነበር።

ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን የሚጠቅሱልንም አልጠፉም። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና መጽሐፍ ሐተታው፣ የጻፈው ማንም ይሁን ማን (ሙግቱ አላለቀም)፣ እግዚአብሔር ዛሬ ይህን ብላ ነገ አትብላ አላለም ብሎ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ጾም ይነቅፋል። ጠንካራ ክስ ነው። የሚያርፈው ግን በማን ላይ ነው? ከቤቱ ተቀንሶ በጎረቤት ቤት ምሳ በሆነ ጾም ላይ አያርፍም፤ ሐተታው ራሱ ለራስህ የምትወደውን ለሌላው አድርግ የሚል ነውና። ዛሬ የቅቤ ኬክ ነገ የዘይት ኬክ በሚለው በእንግዳው ጾም ላይ ግን ልክክ ይላል። ሊከላከሉለት የመጡትን ጾም እንግዳው ራሳቸው ለከሳሹ አስረከቡት።

ቃል የተገባው የምግብ አሠራር ዝግጅት ይቅር አልልም። ግን ከእያንዳንዱ ሳህን ሥር ዋጋው ይጻፍ፣ ከጎኑም የሚተካው የፍስክ ምግብ ዋጋ ይጻፍ። ልዩነቱ ስንት እንደሆነና ማን ቤት እንደሚገባም እንግዳው ከኬኩ በፊት ይንገሩን።