ከማጣሪያው በፊት ጠብታው

ሰሞኑን ስለ ብረት ልበጣ ወርክሾፖች (ዕቃን በኬሚካል ገንዳ ነክረው በስስ ብረት የሚሸፍኑ ናቸው) ፍሳሽ በተነሣ ክርክር አንድ ባለ ወርክሾፕ ውሃ ስለሚጨመርበት መርዙ ይሳሳል፣ ስለዚህ ጉዳት የለውም ብለው ሲሟገቱ ሰማሁ። ይበልጥ ያናደዱኝ ግን መልስ የሰጡት ባለሙያ ናቸው። ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ግዙ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል አሉ።

የባለ ወርክሾፑን ሙግት ልጅ ያፈርሰዋል። ለልበጣ የሚውለው ብረት፣ አንድ ኪሎ ክሮሚየም፣ በአንድ በርሜል ውሃ ቢበጠበጥም በመቶ በርሜል ያው አንድ ኪሎ ነው። ይህን የሚሉት ደግሞ ስለ ጨው አይደለም። ሄክሳቫለንት የሚባለው መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ የተመደበ ነው።

ማጣሪያውስ? ሄክሳቫለንቱን ክሮሚየም በአሲድ ውስጥ መርዙ ወደ ቀለለው ዓይነት፣ ወደ ትራይቫለንት፣ ይለውጠዋል፣ ከዚያ በኖራ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ያዘቅጠዋል። ውሃው ይጠራል፤ ብረቱ ግን ከቧንቧ ወደ ጆንያ ተዛወረ እንጂ የት ጠፋ? በአሜሪካ ሕግ አብዛኛው የልበጣ ፍሳሽ ዝቃጭ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ተመዝግቧል። ማጣሪያ ቆሻሻን መልክ ያስለውጠዋል፤ አይቀንሰውም።

ቆሻሻው የሚወለደው ዕቃው ከልበጣ ገንዳው ብቅ ባለባት ቅጽበት ነው። ላዩ ላይ ተጣብቆ የሚወጣው ፈሳሽ በገንዘብ የተገዛ ኬሚካል ነው። ሠራተኛው በችኮላ መዝዞ ማለቅለቂያው ውስጥ ሲደፍቀው የአሠሪውን ገንዘብ አጥቦ ይደፋል። ቀስ ብሎ ቢያወጣው፣ ጎድጓዳው ፈሳሽ እንዳይቋጥር አዘንብሎ ቢሰቅለው፣ ከገንዳው በላይ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ቢያንጠፈጥፈው ወደ ማለቅለቂያው የሚሻገረው በእጅጉ ይቀንሳል። ሥራ ይጓተታል የሚል መልስ ይመጣል። አይጓተትም! ከገንዳው በላይ አግዳሚ ብረት ይታሰር፤ አንዱ ሲንጠፈጠፍ ሌላው ይነከር።

ማለቅለቂያውንም እንይ። አንድ ሊትር የተሻገረ ፈሳሽ ሺህ እጥፍ እንዲሳሳ ከተፈለገ በአንድ ገንዳ 1000 ሊትር ያህል ውሃ ይጠይቃል። ሁለት ገንዳ ተደርድሮ ንጹሑ ውሃ ከኋለኛው ገብቶ ወደ ፊተኛው እንዲፈስ፣ ዕቃው ደግሞ በተቃራኒው እንዲሄድ ቢደረግ 32 ሊትር ገደማ ይበቃል። በሦስት ገንዳ 10 ሊትር! ይህ ተራ ሒሳብ ነው፤ ሆኖም ቧንቧውን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ የሚተው ወርክሾፕ ሞልቷል፣ ከዚያም የፍሳሹ ብዛት አስፈራኝ ይላል። የልበጣ ገንዳው ሙቅ ከሆነ ደግሞ ውሃው ይተንናል፤ የጎደለውን ከመጀመሪያው ማለቅለቂያ መሙላት ይቻላል። ያመለጠው ኬሚካል ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እሺ፣ ከኬሚካሉ ጋር እድፍም ይመለሳል፣ ገንዳውም በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል። ትንሽ ማጣሪያም ማስፈለጉ አይቀርም። ይህን አልክድም። ግን ጠብታውን ሳይቆጥሩ ማሽን መግዛት የሚያፈስስ ጣራ ሳይጠግኑ ትልልቅ ባልዲ መሸመት ነው። ባለሙያው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አንድ ልበጣ ቤት ሲገቡ የማጣሪያ ካታሎጉን ትተው የእጅ ሰዓታቸውን ይመልከቱ፤ ዕቃው ከገንዳው በላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩ።