ጨርቁን ያልጣለ በሽተኛ

እኛ ሰው አእምሮው ታመመ የምንለው ጨርቁን ሲጥል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «ጠባዩ ነው» ይባላል።

እኔ የምኖርበት ሎስ አንጀለስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለጉንፋን ብለህ ሐኪም ቤት ብትሄድ እንኳ አንድ ወረቀት ሊሰጡህ ይችላሉ። ዘጠኝ ጥያቄ ናት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎሃል? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል? ነጥቡ ይደመርና ሐኪሙ ያናግርሃል። ጨርቁን የጣለው ግን ስኪድ ሮው የሚባል ሠፈር ድንኳን ውስጥ ተኝቷል። ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ያልፈዋል። በካሊፎርኒያ ሕግ ለራሱ ወይም ለሰው አደገኛ ካልሆነ፣ ወይም እንደ መብላትና መልበስ ባለው ነገር ራሱን መንከባከብ ካላቃተው በቀር በግድ ለሕክምና አይወሰድም። ቢወሰድም መጀመሪያ ለ72 ሰዓት ነው።

ፒያሳ ሌላ ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ሠፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው ሰው አለ። ካፖርት በካፖርት ደርቧል። ካርቶን ላይ መስመር አስምሮ፣ አስፋልቱን በእርምጃ እየለካ «ይሄ በሙሉ ይነሣል» ይላል። ፒያሳ ከፈረሰች ወዲህ ትንቢቱ እንደ ድሮው አያስቅም። የካፌዋ አስተናጋጅ ሳይጠይቃት ሻይና ዳቦ አቀበለችው። «ስኳር አነሰ» አላት። ጨመረችለት። ወዲያው ደግሞ አንድ ሊስትሮ ጀርባውን በጠጠር መታው፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ስለዚህ «የእኛ ሰው ርኅሩኅ ነው» የሚለውን የዳያስፖራ ዘፈን አልዘፍንም። ሻይ የሚሰጠው አለ። ሐኪም ጋ የሚወስደው ግን አላየሁም።

ሳይኮሎጂ አንድን ባህርይ «ጤናማ አይደለም» ሲል ጩኸቱን አይደለም የሚለካው። ብርቅ መሆን ብቻ አይበቃም። ቢበቃማ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላም ይመረመር ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከወግ መውጣትም ብቻውን አይበቃም። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከጌታው የሚያመልጥ ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ ጽፏል፤ ለበሽታውም ስም አውጥቶለታል። ዛሬ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሰውየው ይሠቃያል ወይ? መሥራት፣ መተኛት፣ ከሰው ጋር መኖር አቅቶታል? ለራሱ ወይም ለሌላው ያሰጋል? በራሱ ባህል ዐይን ሲታይስ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ እኛን በደንብ ትመለከተናለች። ለቅሶ ቤት ደረቷን የምትደቃ ሴት ሎስ አንጀለስ ብትታይ ጎረቤት 911 ይደውላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2022 እትሙ «የተራዘመ ሐዘን» የሚል ሕመም አስገብቷል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት፤ ሐዘኑም ከባህሉና ከሃይማኖቱ ወግ ያለፈ መሆን አለበት። እኛስ ሙት ዓመት አውጥተን ከል የምናወልቀው መቼ ነው? በዓመቱ! የ1994ቱ እትም ደግሞ ዛርን በስሙ ጠቅሶታል፤ በአገሩ እንደ በሽታ አይቆጠርም ከሚል ማስታወሻ ጋር።

የሕመሙ ምክንያት ላይ እኛ አንዱን መርጠን እንገላገላለን፦ መተት፣ ዓይነ ጥላ፣ ጫት፣ ወይም «ማሰብ አበዛ»። ባለሙያዎቹ ግን በአንድ ምክንያት አይወሰኑም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ በላዩ የኑሮ ጫና፣ ሐዘን፣ ስደት ሲጨመር ሰው ይታመማል። ከእኛዎቹ ውስጥ «ማሰብ አበዛ» ለሳይንሱ ሳይቀርብ አይቀርም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የጀመረው የንግግር ሕክምና ሥራው እዚያው ላይ ነው። «አልረባም» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ማፋጠጥ።

ስድስት ኪሎ የምትኖር አክስት አለችኝ። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ራሴን ያቃጥለኛል ትላለች፣ ልቤ ይደክማል ትላለች፣ ሌሊት ኮርኒስ ስታይ ታድራለች። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አገኘባት (ማን ላይ አልተገኘም?)። ሌላው ጨጓራ ነው አላት። የእኛ ሰው ሐዘኑን በሆዱ ነው የሚይዘው፤ ሐኪሙም ሆዱን መርምሮ ይሸኘዋል። ቤተሰቡ «ድሮም ዝምተኛ ናት» ይላል። አልጮኸችም፣ ጠጠር የሚወረውርባትም የለም፤ ማን ይያት?

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀቻት። እነዚያኑ ዘጠኝ ጥያቄዎች፣ በአማርኛ። አክስቴ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው ተባለች። መጀመሪያ የጠየቀችው «አማኑኤል ልትልኩኝ ነው?» ብላ ነው። አይፈረድባትም። በጣሊያን ጊዜ የተቋቋመው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። እንግዲህ ዝም ላለው በሽተኛ እስኪደረስ ጊዜ መፍጀቱ አይገርምም።

የታዘዘላት መድኃኒት ወዲያው አልሠራም። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። እሷ አላቋረጠችም። ጧት ጠበሏን ትጠጣለች፣ ማታ ክኒኗን ትውጣለች። ሐኪሟ ጠበሉን ተዪ አላለቻትም፤ ደግ አደረገች። አጥማቂውም ክኒኑን ተዪ እስካላለ ድረስ ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ትተኛለች። ዕድር ላይ መገኘት ጀምራለች፤ እንዲያውም ትጨቃጨቃለች አሉ። ለጎረቤት ግን «የደም ግፊት ክኒን ነው» ብላለች። ልጆቿም እንደዚያው እንዲሉ ታዘዋል። እኔም ታዝዣለሁ፤ ስሟን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።